ሳልን የሚያስደብቅ ትኬት
የጤና ምርመራና የገንዘብ ተመላሽ ሕግ በወረርሽኝ ዘመን የመርከብ ጉዞ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2020 ምሽት ላይ ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለች ግዙፍ የሽርሽር መርከብ ከጃፓን የዮኮሃማ ወደብ አጠገብ መልሕቋን ጣለች። በውስጧ 2,666 መንገደኞችና 1,045 ሠራተኞች፣ በድምሩ 3,711 ሰዎች ነበሩ። መርከቧ ጃንዋሪ 20 ቀን ከዚሁ ወደብ ተነሥታ የእስያን ጠረፍ ስትዞር የቆየች ስትሆን፣ ጃንዋሪ 25 ቀን ሆንግ ኮንግ ላይ የወረደ አንድ መንገደኛ በአዲሱ የኮሮና ቫይረስ መያዙ ከሳምንት በኋላ ተረጋግጦ ነበር። የዚያን ጊዜ በሽታው ገና «ኮቪድ-19» የሚለውን ስሙን እንኳ አላገኘም።

ከፌብሩዋሪ 5 ቀን ጀምሮ መርከቧ ራሷ ለይቶ ማቆያ ሆነች። በቅድሚያ ከደረሱት 31 የምርመራ ውጤቶች መካከል በ10ሩ ቫይረሱ ተገኘ። መንገደኞቹ በየመኝታ ክፍላቸው እንዲወሰኑ ታዘዘ፤ ሠራተኞቹ ግን ምግብ ማብሰሉንና ማደሉን ቀጠሉ፤ ሌሊትም በጠባብ ክፍሎች እየተጋሩ ያድሩ ነበር። ሁሉም ነገር ሲያበቃ 712 ሰዎች በበሽታው መያዛቸው ታወቀ፤ ከ10 በላይ የሚሆኑትም ሕይወታቸው አለፈ።

ወደብ በሌላት አገር ለሚኖር ተማሪ የሽርሽር መርከብ ነገር ሩቅ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ያቺ መርከብ ለሳይንስ ትልቅ ቤተ ሙከራ ሆናለች። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ስንት ሰው እንደተመረመረ በትክክል የሚታወቅበት፣ ሕዝቡ የተቆጠረና የተዘጋ ሥፍራ በወረርሽኝ መካከል በቀላሉ አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከዚያች መርከብና ከተከታዮቿ የተገኘውን አንድ ትምህርት ማሳየት ነው። ይኸውም የምርመራ ሥርዓትና የገንዘብ ተመላሽ ሕግ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መስለው ቢታዩም በእውነቱ አንዱ ያለ ሌላው የማይሠራ መሆኑ ነው።

ትኩሳት መለካት ለምን አልበቃም?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጃፓን የመመርመር አቅም ውስን ስለነበር ናሙና የተወሰደው በቅድሚያ ምልክት ከታየባቸውና ከእነርሱ ጋር ንክኪ ከነበራቸው ሰዎች ነው። አቅሙ እየጨመረ ሲሄድ ግን ምርመራው ወደ ሌሎቹም ደረሰ። እስከ ፌብሩዋሪ 20 ቀን ድረስ 3,063 ምርመራዎች ተደርገው በ634 ሰዎች ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ከእነዚህ መካከል ናሙናው በተወሰደበት ጊዜ 328ቱ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ምንም ዓይነት የሕመም ምልክት አልነበራቸውም። እርግጥ ነው፤ አንዳንዶቹ በኋላ ታመዋል። ቢሆንም በወደብ በር ላይ ቆሞ «ትኩሳት አለህ ወይ? ያስልሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ሰው እንደሚያሳልፍ ይህ ቁጥር በግልጽ አሳየ።

የመርከቧ ሁኔታም በሽታውን የሚያፋጥን ነበር። በዚያን ጊዜ በስዊድን አገር በኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዮአኪም ሮክለቭና ባልደረቦቻቸው በሒሳብ ሞዴል እንዳሰሉት፣ ለይቶ ማቆየት ከመጀመሩ በፊት በመርከቧ ላይ አንድ በሽተኛ በአማካይ ወደ 15 የሚጠጉ ሰዎችን ያስይዝ ነበር (ስሌቱ 14.8 ይላል)። ምንም እርምጃ ባይወሰድ ኖሮ ከ3,700 ሰዎች 2,920 ያህሉ ይያዙ እንደነበር፣ በአንጻሩ ሰዎቹ ሁሉ ፌብሩዋሪ 3 ቀን ወዲያውኑ ከመርከቧ ቢወጡ ኖሮ የተያዙት 76 ያህል ብቻ ይሆኑ እንደነበር ገምተዋል። ከተሳፋሪዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ስለነበሩ ጉዳዩ የቁጥር ጨዋታ አልነበረም።

ታዲያ መፍትሔው ሁሉንም ሰው ከመሳፈሩ በፊት መመርመር ነው? ከ2021 ጀምሮ መርከቦች ዳግመኛ ሲንቀሳቀሱ የተያዘው መንገድ ይኸው ነበር። መንገደኛው ከጉዞው በፊት ባሉት 2 ወይም 3 ቀናት ውስጥ የተደረገ ምርመራ ውጤት እንዲያቀርብ፣ አንዳንዴም በወደቡ ላይ እንደገና እንዲመረመር ይደረግ ጀመር። ነገር ግን ምርመራ ማለት ፎቶግራፍ ነው፤ የዚያችን ደቂቃ መልክ ያሳያል እንጂ ነገን አያሳይም። በ2020 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀደም ሲል የተደረጉ 7 ጥናቶችን አጠቃለው እንዳሳዩት፣ በጣም አስተማማኝ የሚባለው የፒሲአር ምርመራ እንኳ ሰውየው ቫይረሱ በያዘው በመጀመሪያው ቀን በጭራሽ አያገኘውም። በ4ኛው ቀን ከ100 የተያዙ ሰዎች 67ቱን «ነጻ» ብሎ ያሳልፋል። ምልክት በሚጀምርበት በ5ኛው ቀን ገደማ የሚያመልጡት ወደ 38 ይወርዳሉ፤ ከሁሉ በተሻለበት በ8ኛውም ቀን 20 ያህሉ ያመልጣሉ። ስለዚህ ሰኞ ዕለት በአውቶቡስ ውስጥ ቫይረሱ የያዘው ሰው ረቡዕ ተመርምሮ፣ ዓርብ ንጹሕ ወረቀቱን አሳይቶ፣ በሰላም ሊሳፈር ይችላል። አልዋሸም፤ ወረቀቱም ሐሰተኛ አይደለም።

የ12 ጤነኞች ጉዳይ

በ15 ደቂቃ ውጤት የሚሰጠው የአንቲጂን ምርመራ ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ማጠቃለያ ድርጅት በማርች 2021 ባወጣው ግምገማ መሠረት ይህ ምርመራ ምልክት ካለባቸው በሽተኞች መካከል በአማካይ 72 በመቶውን፣ ምልክት ከሌለባቸው መካከል ግን 58 በመቶውን ብቻ ያገኛል። እስቲ ይህን ይዘን ትንሽ ስሌት እንሥራ።

ወደ አንዲት መርከብ ሊገቡ 3,000 ሰዎች ተሰልፈዋል እንበል። ከእነርሱም 1 በመቶው፣ ማለትም 30ዎቹ፣ ምልክት ሳይታይባቸው ቫይረሱን ይዘዋል። ምርመራው ከ30ዎቹ 17 ያህሉን ይይዛል፤ 13ቱ ወደ መርከቧ ይገባሉ። በሌላ በኩል ምርመራው ከ1,000 ጤነኞች 4ቱን በስሕተት «ተይዘዋል» ይላል ብንል፣ ከ2,970 ጤነኞች 12 ያህሉ በሽታ ሳይኖርባቸው ከበር ይመለሳሉ። አሁን ደግሞ ወረርሽኙ ቀዝቅዞ ከ3,000ው ሰው የተያዙት 3 ብቻ ቢሆኑስ? ምርመራው ሁለቱን ያገኛል፤ በስሕተት የሚመለሱት ግን አሁንም 12 ናቸው። ይህም ማለት «ተይዛችኋል» ከተባሉት 14 ሰዎች 12ቱ ጤነኞች ናቸው ማለት ነው። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የበሽታው ስርጭት ነው። በስታቲስቲክስ ትምህርት የቤይዝን ሕግ የተማረ አንባቢ ነገሩን ወዲያው ያውቀዋል። በዚህም ምክንያት በአንቲጂን የተገኘን ውጤት በፒሲአር ማረጋገጥ ተገቢ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው የገንዘቡ ጥያቄ የሚነሣው። እነዚያ 12 ጤነኞች ለዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ከፍለው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ከበር ሲመለሱ ገንዘቡን ማን ያጣል? የምርመራው ስሕተት ዋጋ አለውና አንድ ሰው መክፈሉ አይቀርም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በመርከብ በር ላይ ግን በሽታውን የገለጠ ሰው ትኬቱን ያጣ ነበር። የተለመደው የሽርሽር ጉዞ ውል እንዲህ ይላል፦ መንገደኛው በራሱ ፈቃድ ጉዞውን ከሰረዘ የሚቀጣው ገንዘብ የጉዞው ቀን በቀረበ ቁጥር ይጨምራል። በመጀመሪያ ቀብዱን ብቻ ያጣል፤ ቆይቶ ግማሹን፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ወይም ቀናት ሙሉውን። በሰላም ጊዜ ይህ ፍትሐዊ ሊባል ይችላል፤ ባዶ የቀረውን ክፍል በመጨረሻው ሰዓት ለሌላ መሸጥ አይቻልምና። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ይኸው አንቀጽ በጉሮሮው ላይ መከርከር የተሰማውን ሰው «ዝም በል፤ መድኃኒትህን ውጠህ ግባ» ብሎ የሚመክር አንቀጽ ሆኖ ያርፋል። የጤና መጠይቁን የሚሞላው ራሱ መንገደኛው ነው። እውነት መናገር የአንድ ዓመት ቁጠባ የሚያስከፍለው ከሆነ፣ መጠይቁ የሚለካው ጤናን ሳይሆን የሰውየውን የመክፈል አቅም ነው። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት የተመላሽ ሕግ ከሙቀት መለኪያውና ከናሙና መውሰጃው ተለይቶ የሚታይ አይደለም፤ የምርመራው አንድ ክፍል ነው።

በ2021 እና በ2022 ብዙ ኩባንያዎች ይህን የተረዱ ይመስላል። ከመሳፈሩ በፊት ቫይረሱ ለተገኘበት መንገደኛ ሙሉ ገንዘቡን ወይም ለሌላ ጊዜ ጉዞ የሚሆን ማካካሻ ይሰጡ ጀመር። በመንገድ ላይ ተይዞ እንዲወርድ የተደረገውም ላልተጓዘባቸው ቀናት ድርሻውን ያገኝ ነበር። አስተውሉ፤ ተመላሹ ለታመመው ብቻ ቢሆን በቂ አይሆንም። ባልየው ሲያዝ ሚስትየዋ ትኬቷን የምታጣ ከሆነ፣ ባልየው የሚደብቀው ለሁለት ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ያሉትን ሁሉ የሚያጠቃልለው ደንብ የተሻለው ነው።

ከእሳት አደጋ የተወለደ ሕግ

ለመሆኑ የመርከብ መንገደኛ ገንዘብ በሕግ መጠበቅ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? በአሜሪካ መነሻው የእሳት አደጋ ነበር። ኖቬምበር 13 ቀን 1965 ያርማውዝ ካስል የተባለች መርከብ ከማያሚ ወደ ናሶ ስትሄድ ተቃጥላ 90 ሰዎች አለቁ። በቀጣዩ ዓመት በ1966 የወጣው ሕግ፣ 50 እና ከዚያ በላይ መኝታ ያላቸውና ከአሜሪካ ወደቦች መንገደኛ የሚያሳፍሩ መርከቦች ባለቤቶች ሁለት ዓይነት የገንዘብ ዋስትና እንዲያስይዙ አስገደደ። አንዱ ለሞትና ለጉዳት ካሳ የሚውል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኩባንያው የገባውን የጉዞ ውል ሳይፈጽም ቢቀር ለመንገደኞች ገንዘብ መመለሻ ነው።

ሕጉ ግን «ውል አለመፈጸም» ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር አልተናገረም ነበር። ለ50 ዓመታት ያህል ይህ ብዙም አላስቸገረም፤ በሰዎች አእምሮ የነበረው የሚከስር ኩባንያ ነበርና። ከዚያ ማርች 2020 መጣ። ማርች 13 ቀን፣ በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 በሽተኛ መገኘቱ በተነገረበት በዚያው ዕለት፣ የሽርሽር መርከብ ኩባንያዎች ማኅበር ከአሜሪካ ወደቦች የሚደረጉ ጉዞዎች እንዲቆሙ ወሰነ። በማግሥቱም የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መርከቦች እንዳይጓዙ የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ። በአንድ ጊዜ የሁሉም መርከብ፣ የሁሉም መንገደኛ ገንዘብ ጥያቄ ውስጥ ገባ። ጉዞው አልተሰረዘም፤ «ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» የተባለ ሰውስ ውሉ ፈርሶበታል ወይስ አልፈረሰበትም?

የአሜሪካ ፌዴራል የባሕር ንግድ ኮሚሽን በኮሚሽነር ሉዊስ ሶላ መሪነት ጉዳዩን ካጣራ በኋላ በ2022 አዲስ ደንብ አወጣ። በዚህም መሠረት ኩባንያው ጉዞውን ከሰረዘ፣ ወይም መነሻውን በ3 ቀናትና ከዚያ በላይ አዘግይቶ መንገደኛው መሳፈር ካልፈለገ፣ ውሉ እንዳልተፈጸመ ተቆጥሮ ገንዘቡ ሊመለስ ይገባል። ይሁን እንጂ በራሱ ፍርሃት ጉዞውን የተወ ሰው በዚህ ደንብ አይጠበቅም።

ይህ ክፍተት በ2020 የጸደይ ወራት አንድ እንግዳ ጨዋታ ፈጥሮ ነበር። መንገደኛው ቀድሞ ከሰረዘ ይቀጣል፤ ኩባንያው ቀድሞ ከሰረዘ ሙሉውን ይመልሳል። ስለዚህ ሁለቱም እየተያዩ ይጠባበቃሉ። ቫይረሱ ግን ማንንም አይጠባበቅም።

አውሮፓውያን ለዚህ የተሻለ መልስ ነበራቸው ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ። በ2015 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ የሽርሽር መርከብንም የሚመለከት ሲሆን፣ በመድረሻው ሥፍራ ወይም በአቅራቢያው «የማይቀርና ያልተለመደ ሁኔታ» ጉዞውን በእጅጉ ካወከ መንገደኛው ራሱ ያለ ቅጣት ሰርዞ ገንዘቡን በ14 ቀናት ውስጥ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ነገር ግን ሁኔታው የሚመዘነው መቼ ነው? አንድ ወደ ጃፓን ሊሄድ የነበረ የጀርመን መንገደኛ ማርች 1 ቀን 2020 ጉዞውን ሰረዘ፤ ጃፓን በሯን የዘጋችው ማርች 26 ቀን ነበር። ሰውየው «ያው ትክክል ነበርሁ» ብሎ ገንዘቡን ጠየቀ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 በሰጠው ውሳኔ፣ መታየት ያለበት ውሉ በተሰረዘበት ቀን የነበረው ሁኔታ ብቻ እንጂ በኋላ የሆነው አይደለም አለ። ዳኞቹ ሳያስቡት የምርመራውን ሳይንስ ነው የደገሙት፤ ፎቶግራፉ የሚያሳየው የተነሣበትን ቀን ነው።

በዚያን ጊዜ ኩባንያዎቹ የጥሬ ገንዘብ እጥረት ስለነበረባቸው ብዙዎቹ ለመንገደኛው ምርጫ ያቀርቡ ነበር፦ 100 ዶላርህን በገንዘብ ውሰድ፣ አለዚያም 125 ዶላር ዋጋ ያለው የወደፊት ጉዞ ትኬት ውሰድ። የትኛው ይሻላል? ስሌቱ ቀላል ነው። 100ን ለ125 ስናካፍል 0.8 ይመጣል። ስለዚህ ወደፊት ያንን ትኬት በእርግጥ የመጠቀም ዕድሉ ከ80 በመቶ በታች ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን መውሰድ አለበት። ኩባንያው ሊከስር ይችላል፤ መንገደኛው ሊታመም ይችላል፤ የሚቀጥለው ዓመትም እንደዘንድሮው ሊሆን ይችላል። ለ70 ዓመት አዛውንት 125 የሚለው ቁጥር ከሚያንጸባርቀው ያነሰ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽንም በሜይ 2020 ባወጣው ምክረ ሐሳብ እንዲህ ያለውን የተስፋ ወረቀት መቀበል በመንገደኛው ፈቃድ ብቻ መሆን እንዳለበት አሳስቧል።

(ስለ መንገደኞች ገንዘብ ይህን ያህል ሲጻፍ፣ በዚያ ዓመት ወደ አገራቸው የሚመልሳቸው አጥተው ለወራት በባሕር ላይ የቀሩት በሺዎች የሚቆጠሩ የመርከብ ሠራተኞች የሚመለስላቸው ትኬት እንኳ እንዳልነበራቸው መጥቀስ ተገቢ ነው።)

የሲድኒው ናሙና

ምርመራና ገንዘብ በአንድ ችሎት ፊት የተገናኙት በአውስትራሊያ ነው። ሩቢ ፕሪንሰስ የተባለችው መርከብ ማርች 8 ቀን 2020 ከሲድኒ ተነሥታ ኒውዚላንድን ጎብኝታ ማርች 19 ቀን ተመለሰች። በመርከቧ ላይ የታመሙ ሰዎች ነበሩ፤ ናሙናም ተወስዶ ነበር። ይሁን እንጂ የጤና ባለሥልጣናት የመርከቧን ስጋት «ዝቅተኛ» ብለው ስለመደቡት ከ2,600 በላይ መንገደኞች ውጤቱ ሳይጠበቅ ወርደው ወደየቤታቸው ተበተኑ። ቫይረሱ መኖሩን የሚያሳየው ውጤት የመጣው በማግሥቱ ነው። ከአውስትራሊያውያኑ መንገደኞች 663ቱ ተያዙ፤ ከጉዞው ጋር የተያያዘው የሟቾች ቁጥርም 28 ደረሰ። ብሬት ዎከር የተባሉት የሕግ ባለሙያ የመሩት አጣሪ ኮሚሽን በኦገስት 2020 ባቀረበው ሪፖርት ይህን ከባድ ስሕተት ብሎታል። የላቦራቶሪ መሣሪያው አልተሳሳተም። የተሳሳተው ውጤቱን ሳይጠብቅ በሩን የከፈተው ውሳኔ ነበር።

መንገደኞቹ በኅብረት ክስ መሠረቱ። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2023፣ ኩባንያው አደጋውን ማወቅ ሲገባው መርከቧን በማንቀሳቀሱ ቸልተኛ ነበር ሲል ፈረደ። ሆኖም ጉዳይዋ እንደ ምሳሌ የታየላት ተሳፋሪ የተፈረደላት ለሕክምና ያወጣችው 4,423 የአውስትራሊያ ዶላር ከነወለዱ ብቻ ነው። ጉዞው ስለተበላሸባትና ስላዘነችበት ተጨማሪ ገንዘብ አላገኘችም፤ ምክንያቱም ኩባንያው የትኬቱን ዋጋ አስቀድሞ በሙሉ መልሶ ነበር። ተመላሹ ለመንገደኛዋ ያገለገለውን ያህል ለኩባንያውም ጋሻ ሆኖታል።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ትኬታቸውን በአሜሪካው ውል የገዙ ወደ 700 የሚጠጉ መንገደኞች ከሌሎች ጋር በኅብረት ላለመክሰስ የሚያስገድድ አንቀጽ በውላቸው ውስጥ ነበረ፤ አብዛኛው ሰው እንደሚያደርገው፣ አንብበው የፈረሙት ጥቂቶች ይሆናሉ። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 6 ቀን 2023 አንቀጹ ፍትሐዊ ያልሆነ የውል ቃል ስለሆነ አይጸናም ብሎ ወሰነ፤ እነርሱም በክሱ ውስጥ ተካተቱ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል የመርከቦች የኮቪድ-19 ፕሮግራሙን ከዘጋ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ መርከቦቹም ዳግመኛ ሞልተው ይጓዙ ነበር።